ቀዳዳ ያለው መስታወት

አባዬ መስታወት ከመስበሩ በፊት ይጸልይ ነበር። ረጅም ጸሎት አይደለም። በመቁረጫው አልማዝ መስመሩን ካሰመረ በኋላ መስታወቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያመቻችና፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ከንፈሩን አንዴ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ መስታወቱ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ምን እንደሚል ጠይቄው አውቃለሁ።

«‹አደራህን› ነው የምለው» አለኝ። «ማስመሩን እኔ አሰምራለሁ። በመስመሩ መሄዱ ግን በእኔ እጅ አይደለም።»

የመስታወት ቆራጭ ልጅ ነኝ። ቤታችን ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ ነበር። በሱቁ ግድግዳ ዙሪያ ትልልቅ መስታወቶች ተደግፈው ስለሚቆሙ የትም ብዞር ራሴን አገኛለሁ። ሰው «ብቸኛ ልጅ ናት፣ አይከፋትም?» ሲል ይገርመኝ ነበር። እኛ ቤት መቼ ሰው ጠፍቶ።

እማዬ ደግሞ ሥራዋ መወልወል ነበር። የተቆረጠውን መስታወት ከአባዬ ትቀበልና አፏን አስጠግታ «ሃ» ትልበታለች። መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ጉሙን በአሮጌ ጋዜጣ ስታብሰው ፊቷ ቀስ እያለ ከውስጡ ይወጣል። ይቺን ነገር ቆሜ ማየት እወድ ነበር። እናቴ በየቀኑ ስንት ጊዜ ትጠፋለች፣ ስንት ጊዜ ትመጣለች።

አንድ ቀን «ሃ» ስትል ሳሏ ተነሳባት። ሳሉ ከጀመራት ከርሟል፤ ቤቱም ለምዶታል። ሳሉ ሲያልፍላት ግን መስታወቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። አባዬ የመስታወቶቹን ጀርባ የሚቀባው ቀይ ቀለም ነበረው።

«እማዬ፣ ቀለም ነካሽ» አልኳት።

«አዎ፣ ቀለም ነው» አለችና ጠረገችው።

አባዬ ከጠረጴዛው ቀና አለ። አልማዙን አስቀመጠና መጥቶ ጋዜጣውን ከእጇ ወሰደ፣ አጣጥፎም ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲያ እንድትወለውል አልፈቀደላትም። ቀለሙን ስላባከነችበት የተቆጣት መሰለኝ። ለብዙ ቀን አኮረፍኩት፤ እሱም ለምን እንደማኮርፈው አላወቀም።

ሳይቆይ ሳንባ ሆስፒታል ወሰዷት።

ሆስፒታሉ ከከተማው በስተምሥራቅ ኮረብታ ላይ ነው። ከግቢያችን ሲያዩት ጠረጴዛ ላይ የተረሳ የስኳር አንኳር ይመስላል። በሽታው ተላላፊ ስለሆነ ልጅ በሩ ጋ እንኳ አይደርስም። ትልቅ ሰው በሳምንት አንዴ በሩ ላይ ዕቃ ያቀብላል፤ ነርሷ ትቀበልና «ደህና ናት» ትላለች፤ በቃ ያ ነው ጥየቃው። አባዬ ሄዶ ሲመለስ «ምን አለች?» ስለው «ደህና ነኝ ብላለች» ይለኛል። እውነቱን ነው የነገረኝ ብዬ አምን ነበር። ለካ ያቺን ቃል አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አልሰማም።

እኔን ለማሳደግ አክስቴ መጣች፤ የአባዬ ታላቅ እህት። ምላሷ ከአልማዙ አይተናነስም፤ ግን ጸሎተኛ ናት። ጸሎት ያስተማረችኝ እሷ ናት። «መልስ ሰማሁ አልሰማሁ እያልሽ ጆሮሽን አትኮርኩሪ» ትለኝ ነበር። «ያንቺ ድርሻ መላክ ነው። ማየቱ የእሱ ነው።»

ያኔ ነው አባዬ ያቺን መስታወት የሠራት። ከወፍራሙ ቆርጦ መዳፍ የምታህል አደረጋት። የእማዬን እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ዙሪያውን በድንጋይ አለሰለሰው። ከዚያ ከላይ በኩል ሊበሳት ተነሳ። መስታወት መብሳት እንደ መቁረጥ አይደለም። የመዳብ ቱቦ ቁራጭ ይዘህ፣ ሥሩ በውሃ የራሰ የመፍጫ ዱቄት እያደረግህ፣ ቀስ እያልክ ታሽከረክራለህ። ከቸኮልክ አለቀልህ። የመጀመሪያዋ ልታልቅ ስትል ተሰነጠቀችበት። ሌላ ጀመረ፣ እሷም ተሰነጠቀች። አክስቴ «ያለ ቀዳዳ ብትሄድ ምን ትሆናለች?» አለችው።

«እጇ ዝሏል» አለ ሳይቆጣ። «ቢያመልጣት እንዳይሰበር፣ ክር አስገብቼ አንጓዋ ላይ ትሰረው።»

በመጨረሻ ተሳካለትና ነጭ ክር አስገባበት። ያቺን ቀዳዳ አትርሱብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የሆስፒታሉን በረንዳ ፊት ለፊት ትመታለች። እማዬ በረንዳው ላይ ወጥታ መስታወቷን ወደ እኛ ታበራለች። እኛም ከግቢያችን እንመልሳለን። አባዬ ይህንን ለነርሷ በሩ ላይ ቆሞ አስረዳት። ነርሷም «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብላ መስታወቷን ከዳቦውና ከሹራቡ ጋር ይዛ ገባች።

በማግስቱ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ዐይኔ ከማፍጠጥ ብዛት ሲያነባ፣ ከዚያ የስኳር አንኳር ላይ ብልጭ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብልጭ።

«አባዬ!» ብዬ ስጮኽ መዶሻ ይዞ ነው የወጣው። አብረን አየን። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

መልስ መስጠት ከባድ ነበር፤ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ናታ። አባዬ «መስታወቱን አታቁሚው፤ እንደ ሳህን አስተኚው፤ ከዚያ ጫፉን ትንሽ ብቻ ከፍ» ብሎ አሳየኝ። እንደዚያ ሲሆን ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ኮረብታው ይሄዳል አለኝ። መድረሱን ግን እኛ ማየት አንችልም። ደረሰ አልደረሰ የሚያውቀው የሚቀበለው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ከሰዓት አላመለጠኝም። ለፈጣሪ ቃል ገብቼ ነበርና። እኔ ካላቋረጥኩ እሷ ትድናለች፤ አንድ ቀን ከቀረሁ ትሞታለች። ማንም አላለኝም፤ ራሴ ነኝ ስምምነቱን ያወጣሁት፤ ፈጣሪም ዝም ስላለ እንደተስማማ ቆጠርኩት። ተኩሶኝ እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጥቼ አውቃለሁ። አባዬም በዚያ ሰዓት ከግቢው በር አይጠፋም። ደጁን ይጠርጋል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የበሩን ማጠፊያ ያያል። ማጠፊያው ምንም አልሆነም። አሁን ነው የገባኝ።

እኔማ ቋንቋውን ሁሉ አወቅሁት። ቶሎ ቶሎ ካበራች ደስ ብሏታል። ቀስ ብላ አንዴ ብቻ ካበራች አስባለች። ጭራሽ ካላበራች ተኝታለች፣ አትረበሽ።

መምህሩ እኛ ጋ መመላለስ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የጎረቤቱ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ያላገባ፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። የሰፈሩ ልጆች «ባለ ጨረቃው» ይሉታል፤ ሲሄድ ቀና ብሎ ስለሚሄድ አንዴ ቦይ ውስጥ ገብቷል። እሱም ስሙን ያውቀዋል፣ አይቆጣም።

የራሱን ቴሌስኮፕ መሥራት ፈለገ። ለዚያ የሚሆን ወፍራም ክብ መስታወት ቁረጡልኝ ብሎ መጣ። አባዬም ከተጣለ የጠረጴዛ መስታወት ሁለት ክብ አወጣለት። መፍጨቱን እኛ ግቢ እንዲሆን ተስማሙ። ድንጋይ የሞላ በርሜል አቆሙ፣ አንዱን ክብ በርሜሉ አናት ላይ አጣበቁ፣ የረጠበ ዱቄት ጣል አደረጉበት፣ ሌላውን ክብ ላዩ ላይ አስቀምጠው ገፋ ሳብ፣ ገፋ ሳብ፣ ከዚያ በርሜሉን ትንሽ ዞር። አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበላል። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ በርሜሉን ይዞራሉ። የላይኛው ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል፤ እንደ ሳህን ሆድ።

አክስቴ መስኮቱ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«መምህር፣ ምንድነው የምትፈጩት?»

«ሰማይ ልናይበት ነው እትዬ።»

«ሰማይ ቀና ሲሉ አይታይም? ወይስ እርስዎ ቦዩ ውስጥ ሲገቡ ጠፋብዎት?»

መምህሩ ይስቃል። አባዬም ይስቅ ነበር። ወጪ ገቢው «ሁለት ጎልማሳ ሰው በርሜል የሚዞረው ምን ነክቷቸው ነው?» ይላል። እኔ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው አባዬ ያንን በርሜል ባያገኝ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። እጁን የሚያስይዝ፣ ልቡን የማይጠይቅ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ዕረፍት ሲያደርጉ መምህሩ የተፈጨውን ክብ በርሜሉ ላይ አቆመው።

«ይህን ፀሐይ እንበለው» አለ። ከዳቦው ላይ ቅንጣት ፍርፋሪ ቆንጥሮ ከግቢው ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ከወዲያ ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተመለሰ። «ያቺ እኛ ነን።»

«እኛ ስትል?» አለ አባዬ።

«ሁላችን። ከተማው፣ ባሕሩ፣ ንጉሡም ለማኙም፣ ይሄ በርሜልም።»

«እኔም አለሁበት?» አለች አክስቴ ከመስኮቱ።

«እርስዎም አሉበት እትዬ።»

«ጠበበኝ» አለች።

አባዬ አልሳቀም። ወደ መንገዱ ማዶ እያየ ቀጣዩ ኮከብ የት እንደሚሆን ጠየቀ። መምህሩ አፉን ጠርጎ አሰበና፣ ሌላ እንዲህ ያለ ክብ ቆርጠህ፣ በመርከብ አሳፍረህ ባሕር አሻግረህ፣ ሌላ አገር ሰው ደጃፍ ላይ ታስቀምጠዋለህ አለው። ቅርቡ እሱ ነው። ሌሎቹ እንኳን በመርከብ በሐሳብም አይደረስባቸው።

«በመሃሉስ ምን አለ?» አለ አባዬ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ባዶ ነዋ ጋሼ። ባዶ።»

በዚህ መሃል አንዲት ወፍ ከሽቦው ወርዳ ድንጋዩ ላይ አረፈች፣ ፍርፋሪውን ለቀም አድርጋ ሄደች።

«በሉ፣ ተበላን» አለች አክስቴ። መምህሩ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ባይገባኝም ሳቅሁ። አባዬ ግን ፍርፋሪው የነበረበትን ድንጋይ ያያል። ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ ይሄን ሁሉ ባዶ እያወቅክ ትጸልያለህ?» አለው። እኔ የማውቀው መለካቱን ነው፣ ሌላውን አላውቅም አለው መምህሩ። አክስቴ መስኮቱን ዘጋችው።

እኔም የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ብርሃን ከዚያ ሁሉ ርቀት ለመምጣት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? መምህሩ ልጅ ነሽ ብሎ አላለፈኝም። ከፀሐይ ሲመጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድተሽ፣ አብርደሽ፣ ጠጥተሽ እስክትጨርሺ ይሆናል አለኝ። ከአንዳንዱ ኮከብ ደግሞ የተነሳው አያትሽ ሳትወለድ ነው።

«ከሆስፒታሉ እስከዚህስ?»

አባዬን አየት አደረገውና «ዐይንሽን ከማርገብገብሽ በፊት ይደርሳል» አለኝ። «ያም ቢሆን ትንሽ ያልፍበታል። የምናየው ነገር ሁሉ ያለፈ ነው የኔ ልጅ። አሁን የሚባለውን አይቶት የሚያውቅ የለም።»

ይቺን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤያት ቆየሁ።

ከዚያ የዝናቡ ወራት መጣ። ፀሐይ ጠፋች፤ ኮረብታው በደመና ተሸፈነ። እኔ ግን በሰዓቱ እየወጣሁ መስታወቴን እንደ ሳህን አስተኝቼ እቆም ነበር፤ ዝናብ ይሞላበታል። ስምምነት ስምምነት ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ነፋስ ተነሳ። ቆርቆሮ የሚያንኳኳ፣ አቧራ የሚያስነሳ የበጋ ነፋስ። በዚያን ጊዜ እማዬ እንዴት አበራች መሰላችሁ! ብልጭ ብልጭ ብልጭ። እንዲያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ለአክስቴ «ድናለች፤ በጣም ደስ ብሏታል» አልኳት። እሷም ደስታዬ ተጋባባትና ስማኝ አታውቅ፣ ሳመችኝ።

የቴሌስኮፑን መስታወት ብር የቀባው አባዬ ነው። የእንጨቱን ቱቦ አናጢ ሠራው። ቴሌስኮፑ ባለቀ ቀን መምህሩ ጨለማ እስኪሆን መታገሥ አልቻለም፤ መጀመሪያ በምድር ነገር እንሞክረው ብሎ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። የሩቅ ዛፍ አየን፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አየን። ሁሉም ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ አሠራሩ እንዲያ ነው፤ ሰማይ ውስጥ ላይና ታች ስለሌለ ግድ የለም አለ መምህሩ። ሰዓቴ ደረሰ። ኮረብታው ላይ ብልጭ አለ።

«እማዬን እንያት» አልኩ።

እንዴት እስከዚያ ድረስ ለማንም እንዳልታሰበው እንጃ። መምህሩ አባዬን አየው። አባዬ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እማዬ ከሄደች ወዲህ ነክቶት የማያውቀውን የሹራቡን አንገት አስተካከለ። ሊያያት ነዋ። መምህሩ ቱቦውን አዞረ፣ አነጣጠረና ቦታውን ለቀቀለት።

አባዬ ጎንበስ አለ። አየ። ብዙ አየ። መጀመሪያ ፈገግታው ነበረ፤ ከዚያ ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ቀርቶ እሱ ከሥሩ የሄደ መሰለ።

«ምን አየህ? ምን ለብሳለች?» አልኩት።

መምህሩ ተተክቶ አየ። ቀና ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባዬ ሄዶ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

«ነፋስ ነው» አለ።

እኔ ስለ አየሩ የሚያወሩ መሰለኝ። ሣጥን ስቤ ወጣሁና ዐይኔን አስጠጋሁ። በረንዳው ተዘቅዝቆ ይታያል። የብረት አጥር። የተሰጣ አንሶላ። ባዶ አግዳሚ። ከምሰሶው ምስማር ላይ በነጭ ክር የተንጠለጠለች፣ መዳፍ የምታህል መስታወት። በነፋሱ ትዞራለች፤ ጀርባዋ ይመጣል፣ ፊቷ ይመጣል። ፊቷ ሲመጣ ብርሃን ዐይኔን ሞላው። በረንዳው ላይ ሰው የለም።

ታዲያ ከፋኝ? በፍጹም። ያቺን ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ የለ? የምናየው ሁሉ ያለፈ ነው። ስለዚህ ይሄ እማዬ ወደ በረንዳው ከመውጣቷ በፊት ያለው ነው። እሷ ያለችበት ብርሃን ገና መንገድ ላይ ነው። ከሣጥኑ ዘልዬ ወርጄ መስታወቴን አስተኝቼ መላክ ጀመርኩ፤ ስትወጣ እንዲደርስላት።

አክስቴ ሻይ ይዛ ወጣች። ፊታቸውን አይታ «ምነው፣ ሰማዩ ተደፋ እንዴ?» አለች። ሻዩ አባዬ አጠገብ በርሜሉ ላይ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ አባዬ ሆስፒታል ሄደ፤ ያን ቀን በሩ ላይ አልቆመም፣ ዘበኛውን ገፍቶ ነው የገባ አሉ። ሲመለስ ከአክስቴ ጋር ሱቁ ውስጥ ሲነጋገሩ መስታወቶቹ ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው። «የኋላው ክፍል ናት» ይላል። «ከዝናቡ በፊት ነው የወሰዷት። መስኮቱ ገደሉን ነው የሚያየው።» አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የኋላው ክፍል ከፊተኛው የተሻለ መሰለኝ፤ ድና ነው ያሳደጓት ብዬ ደስ አለኝ። የኋላው ክፍል የማይመለሱት የሚገቡበት እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባዬ ሲገባ ዐይኗ ተገልጦ ነበር አሉ፤ ግን አላወቀችውም። አፏ ላይ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን ፈለገ። ነበረች። መስታወት ላይ «ሃ» የምትል ትንፋሽ ግን አይደለችም።

ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈች።

ቤቱ በሰው ሞላ። መስታወቶቹን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሯቸው፤ ለቀስተኛ ራሱን እያየ እንዳያለቅስ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሰው የሌለበት መሰለኝ። አክስቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ «እናትሽ ፈጣሪ ዘንድ ሄደች» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሰዓቴ ሲደርስ ከጭኗ ወረድኩና መስታወቴን ይዤ ወጣሁ።

ነፋስ ነበር። ኮረብታው ላይ ብልጭ አለ። ብልጭ፣ ብልጭ።

እየሮጥኩ ገባሁና ሰው ሁሉ በተቀመጠበት መሃል ቆሜ ነገርኳቸው። አልሞተችም፣ አሁን አበራች፣ ኑ እዩ አልኩ። ከዚያ አንዲት ጎረቤት እሪ አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ ቤቱ ተደበላለቀ። አንዱ ሽማግሌ «ያዟት እቺን ልጅ» አለ። አክስቴ መስታወቱን ልትቀማኝ እጄን ያዘች።

አባዬ ከወንዶቹ መሃል ተነሳ። እጇን ከእጄ ላይ አነሳ። ይዞኝ ወጣ፤ ግቢው መሃል ቆምን። ኮረብታው ያበራል። አባዬ ከኋላዬ ተንበረከከ፣ እጄን በእጁ ያዘ፣ መስታወቱን እንደ ሳህን አስተኛው።

«ጫፉን ትንሽ ከፍ» አለኝ።

ለነፋሱ መለስንለት። ያኔ እኔ ለእናቴ ነበር የምመልስ። እሱ ለማን እንደሚመልስ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ እጄን አልለቀቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሰው ወዶኛል፤ እንደዚያን ቀን ግን የተወደድኩበት ቀን የለም። ምን ዋጋ አለው፣ እማዬን አልመለሳትም።

አባዬ ከዚያ በኋላ ሥራ ሲጀምር ከንፈሩ እንደማይንቀሳቀስ አየሁ። ያሰምራል፣ ጠርዙ ላይ ያመቻቻል፣ ይሰብራል። አክስቴ ይህን አይታ በጣም ፈራች፤ መስታወቱ ሁሉ በእጁ ያልቃል ብላ ነበር። መስታወቱ ግን ከድሮው አብልጦ አልተሰበረም። በመስመሩ ይሄዳል፤ እንደ ድሮው። ይህ ነው ከሁሉ የከፋው። ቢሰበር ደግ ነበር።

መምህሩ ቴሌስኮፑን ይዞ ሄደ። አንዳንዴ መጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ ስለ ሰማይ ግን ዳግም አላነሳም። አንድ ከሰዓት ኮረብታው ሳያበራ ቀረ። በማግስቱም። ክሩ ተበጥሶ ይሆናል፣ አንዱ በሽተኛ ወስዷት ይሆናል። ለሁሉም ሰው እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ለእኔ የሞተችው ያኔ ነው። ተኛሁ፣ ተኮሰኝ፣ ምግብ እምቢ አልኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «አሁን ገባት» ስትል ሰማኋት።

አባዬን የጠየቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው። አርጅቶ፣ ዐይኑ ደክሞ፣ አልማዙን ለሌላ አስረክቦ ነበር። መስታወቷን ማን ሰቀላት አልኩት። እሱም ጠይቆ ነበር። የተቀበለችው ነርስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች። አዲሷ «እኔ ስመጣም እዚያው ነበረች» ነው ያለችው። በሽተኞቹ ፀጉራቸውን ያበጥሩባታል ብላዋለች።

እኔ የራሴን አሰብኩ። ምናልባት እማዬ ራሷ ትሆናለች፤ መነሳት ሲያቅታት፣ ልጄ ትጠብቃለችና እዚያ ስቀሉልኝ ብላ። ቀዳዳ አላት፣ ክር አላት። ይህን ስነግረው ቀዳዳዋን የበሳበትን አውራ ጣቱን ያሻል።

«ፊቷስ?» አልኩት። «ፊቷ ወዴት ነበር የተሰቀለው? ወደ እኛ ከሆነ እኮ...»

«ትዞር ነበር ልጄ» አለኝ። «ወደ ሁሉም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። እሱም ሄደ፤ አክስቴም ሄደች፤ መምህሩም።

አሁን ትልቁ ልጄ በስልክ የሰማይ ፎቶ ይልክልኛል። እማዬ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ስንትና ስንት ፀሐይ ናት፣ እኛ ምንም ነን እኮ ይለኛል፤ ደስ ብሎት ነው የሚለው፤ ወጣት ነው። እኔም «እሰይ ልጄ» እለዋለሁ። ፍርፋሪውን ወፍ እንደበላችው አልነግረውም።

ሆስፒታሉ ፈርሷል። በቦታው ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሕንጻ ቆሟል፤ ግማሹ ገና ሰው አልገባበትም ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘነብል ኮረብታው እንዳለ ያበራል፤ ብልጭ ድርግም የለም፤ እየነደደ ይቆማል። ብርሃኑ ከተማውን አቋርጦ በመስኮቴ ይገባና ግድግዳዬ ላይ ያርፋል። ማንም አልላከልኝም።

የምጸልየው በዚያ ሰዓት ነው፤ ከልማድ ነው ቢሉኝም ልማድ ይሁን። አንድም ከሰዓት አላመለጠኝም። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ መዳፌን ጭኔ ላይ እንደ ሳህን አስተኛለሁ፣ ጣቶቼን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። መስታወት የለባቸውም።